ሊቀመንበሩ አላዘዙም

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ሊቀመንበራችን «ይህን አድርጉ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «የዚያ ሰውዬ ፋይል የት ገባ ይሆን?» ካሉ ፋይሉ ወዲያው ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። «ዛሬስ ባለጉዳይ በዛ» ካሉ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። እኛም ተሽቀዳድመን ነበር የምንፈጽመው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ግቢው በር ላይ ሊቀመንበሩን ደብዳቤ እያስፈረምኳቸው ነበር። ከአጥራችን ተጠግታ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ መሸጫዋም ማደሪያዋም አንዲት የላስቲክ ቤት ናት። እሷን አዩና ዘበኛውን «ይቺ ነገር እንግዶች ሲመጡም እዚሁ ልትቆየን ነው?» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው ገመድ ይዞ ሄደ። ሴትዮዋ ገበያ የወጣች መስሎት ምሰሶውን ጎትቶ ጣለው። ለካ አሟት ውስጥ ተኝታለች። ወገቧ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ቆማ አልሄደችም።

የተከሰሰው ዘበኛው ብቻ ነው። «ታዝዤ ነው» አለ። ከእሱ ሌላ ሊቀመንበሩ ሲናገሩ የሰማሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለምስክርነት ተጠራሁ።

ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ሊቀመንበሩ መዝገብ ቤት ብቅ አሉ። ስለ ክሱ ትንፍሽ አላሉም። «የምትኖሩበት የቀበሌ ቤት ውሉ የሚታደሰው ዘንድሮ ነው አይደል? እናትሽን ሰላም በይልኝ» ብለውኝ ወጡ። እናቴ ሽባ ነች፤ ይህንንም ያውቃሉ።

ዳኛው «አፍርስ ብለውታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አላሉም።»

«እናንተ ቢሮ ግን እንዲህ ያለ ንግግር እንደ ትእዛዝ ነው የሚቆጠረው?»

የዘበኛው ሚስት ከፊት ወንበር ላይ ሆና አፍ አፌን ታየኛለች።

«አይቆጠርም። እኛ ጋ ትእዛዝ የሚመጣው በደብዳቤ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ሰባት ዓመት ስሠራ እሳቸው በደብዳቤ ያዘዙኝ አንድ ነገር ትዝ አይለኝም።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በአጠገቤ አለፈ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ምነው በሰደበኝ።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺንም አላዘዙሽም።»