ብርቱካን ገዝታ የማታውቅ ደሴት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። እዚህ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር አብረውኝ ያረጁ ሴቶች ከጓዳዬ እስከ ሕመሜ ሁሉን ያውቃሉ፤ ይህን ግን አያውቁም። ዛሬ የምናገረው አዝናችሁ እንድትምሩኝ አይደለም። ዝም በይ ስለተባልኩ ነው። እኔ ደግሞ ዝም በይ መባል አልወድም።

አንድ ልጅ አለችኝ፤ ማርታ። እዚሁ ሲያትል ኮሌጅ ሳለች ከአንድ የደሴት አገር ልጅ ጋር ተዋደደች፤ ተጋቡና ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች ስሟን ብጠራ ሰዎቹ ይታወቃሉ፤ አልጠራም። የሠርጉ ቀን የአማቼ አባት የቀረበለትን ብርቱካን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ "እኛ አገር ብርቱካን ከውጭ አይገባም። ሎሚውንም መንደሪኑንም ራሳችን አምርተን ራሳችን እንበላለን፤ የሚጎድለን የለም" አለ። ሰው ሁሉ አደነቀ። እኔ አንጀቴ አረረ። የሚጎድላችሁ ከሌለ ታዲያ አንድ ልጄን ምን ልታደርጉ ነው የምትወስዱብኝ? አልኩ በሆዴ።

ማርታ ስትወልድ ልጠይቃት ተነሣሁ። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ የገንፎ ዱቄትና ንጥር ቅቤ አዘጋጀሁ። በረንዳዬ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ከካሊፎርኒያ በመኪና አምጥቶ የሸጠልኝ የሎሚ ችግኞች ነበሩ። አንዷን ነቀልኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ዱቄቱ ውስጥ ቀበርኳት። ለምን? ልጄን ወስደዋል፤ እኔም በመሬታቸው ላይ አንድ ዛፍ ይኑረኝ ብዬ ነዋ! የልጅ ልጄ "ይቺ የአያቴ ናት" እንዲል ብዬ።

አላወቀችም ነበር እንዳትሉልኝ። አውቄያለሁ። ኤርፖርቱ ግድግዳ ላይ ቅጠል ተስሎ በቀይ ተሰርዟል፤ ፊደል ያልቆጠረም ይገባዋል። ፈታሹ ተክል ይዘሻል ወይ ሲለኝ ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ኖ" አልኩ። ሻንጣዬን ከፍቶ ቅቤውን አገኘና አይገባም ብሎ ወሰደው። ያን ጊዜ ለአራስ ልጄ ያነጠርኩት ነው ብዬ እዬዬውን አቀለጥኩት። ሰውየው አፈረ፤ ዱቄቱን ሳይነካ ሻንጣውን ዘጋልኝ። እኔም ይህንኑ ፈልጌ ነበር ያለቀስኩት። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ።

ችግኟን ማርታ ቤት ጓሮ ተከልኳት። ለቤተሰቡ ከገበያችሁ ገዛኋት አልኳቸው። እውነቱን ማርታ ብቻ አወቀች፤ ስቃ ዝም አለች።

ሲያትል ከተመለስኩ በኋላ ችግኟ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ደረቀች። ቀጥሎ የአማቼ አባት ዛፎች፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ከዚያ ኮረብታው በሙሉ። የግብርና ሰዎች መጥተው በሽታው ከውጭ በመጣ ተክል የገባ ነው አሉ፤ ዛፎቹ ተነቅለው ተቃጠሉ። በዚያ ዓመት ብርቱካን በመርከብ ገባ። ሽማግሌው ወደብ ወርዶ ካርቶኖቹ ሲራገፉ ቆሞ አየ አሉ። ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ተወ።

ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ተገኘም። የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ጁልየን መርከበኛ ነበር፤ ከየወደቡ ዕቃ ያመጣል። አንተ ነህ ያስገባኸው ተባለ። አይደለሁም ብሎ ማለ፤ ማን ሰምቶት! ወንድሙ በሩን ዘጋበት፤ ሰፈሩ ሰላምታ ነሣው። ማርታ ይህን ስትነግረኝ እኔ ስልኩን ይዤ "አይ የሰው ነገር!" እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አገሩ አላስቀምጥ ሲለው አሜሪካ መጣ። ወደ እኔ የላከችውም ማርታ ናት። እዚሁ አጠገባችን ኬንት ከተማ አንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁለት፤ እሑድ እሑድ እኔ ቤት ይበላል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ማዕድ ላይ፣ "ማማ፣ ከዘመድ ሁሉ ያመንሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? አጎረስኩት። ችግኟን በደበቅሁበት በዚሁ እጅ አጎረስኩት። ችግኟን ሳስገባ ቢያንስ ተናድጄ ነበር። ሳጎርሰው ምን ሆኜ ነው? የማይገባኝን ምስጋና ቀምቼ በላሁ።

ሰሞኑን ማርታን ኮል አድርጌ ለጁልየን ልነግረው ነው አልኳት። "እማዬ፣ ፕሊስ! እኔም እኮ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ሶ ባሌ ምን ይለኛል? ስንት ዓመት አለፈው፤ ጁልየንም አሁን ደኅና ነው" አለች። ደኅና! ወንድሙ የማያናግረው ሰው ደኅና ነው? ቢያንስ ማርታ አታውቅም ነበር በይልኝ ብላ ለመነችኝ። እሱንም አልልም። ከኔ አፍ የወጣው ውሸት ይበቃል። እናት አይደለሽም ወይ ትሉኛላችሁ? ነኝ። ትዳሯ ቢናጋ ያናጋሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ብትጠላኝም አልፈርድባትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የታለ የጠራው? ስንቴ ነጋ! የሚናገር አፍ ካላገኘ እውነት በራሱ አይጠራም።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን ምን አደረግኋችሁ? በልጅ ልጄ ጓሮ ዛፍ መመኘቴም አይጸጽተኝም፤ አያት ነኝ። መዋሸቴን፣ ሰው በኔ ጥፋት ሲዋረድ እያየሁ መብላት መጠጣቴን ግን በምንም አላሳብብም። እርጅናም አያጥበውም፤ ጾምም አያጥበውም።

ነገ እሑድ ነው፤ ጁልየን ይመጣል። ምግቡን አቀርባለሁ፤ የምነግረው ግን እጁን ሳይታጠብ፣ ወንበር ሳይስብ ነው። ሰምቶ ቢሄድ ይሂድ። ሰምቶ ቢቀመጥም ይቀመጥ። ሳያውቅ ግን ከእንግዲህ ከእጄ አይጎርስም።