የቄስ ይርዳው ቀኝ እጅ

ባለቤቴ ቄስ ይርዳው እልኸኛ ናቸው። ሲያገቡኝም እልኸኛ ነበሩ። የቁሐር ሚካኤል ሜዳ ክረምት ውኃ ተኝቶበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እሳቸው ልብሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ እየጠለቁ ቅዳሴ ይደርሱ ነበር። "ምነው ዛሬ እንኳ ቢቀሩ?" ስላቸው፣ "ማን ሊቀድስልኝ?" ይሉኛል። በቃ፣ መልሳቸው ይኸው ነው።

አምና መስከረም ላይ ደም ግፊት ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ተጣጥፎ ቀረ። መስቀል መያዝ ያቃተው ቄስ ደግሞ እንዴት ብሎ ይቀድሳል? የደብሩ አለቃ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እያፈሩ፣ "እስከ ሆሳዕና እንጠብቅዎታለን። ያን ዕለት ሕዝቡን በቀኝ እጅዎ ካሳለሙ ለትንሣኤ ቅዳሴ ይገባሉ። ካልሆነ ሌላ ካህን ማስገባታችን ነው" አሏቸው። ቄሱ "እሺ" አሉ፤ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። እኔ አለቃውን ደህና ይግቡ እንኳ አላልኳቸውም።

ወረታ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ የተማረች ልጅ አለች፣ የሰነፈ እጅና እግር ታሠራለች አሉኝ። መሠረት ትባላለች። በባጃጅ ወሰድኳቸው። ልጅቱ በእጅ ቦርሳ የሚያዙ ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች አሏት። አንደኛው ክንዱን ጫን ሲያደርገው ጡንቻው ምን ያህል እንደ ተገተረ በቁጥር ይናገራል። ሁለተኛው ቆዳ ላይ ይለጠፋል። "ጡንቻው ሲኮማተር ስልኬ ላይ መስመር ይነሣል፤ እጁ ባይንቀሳቀስም እንኳ" አለችን።

መገተሩን ለካች። "ብዙ ነው፤ ግን በማሸትና በመዘርጋት ይላላል" አለች። ቀጥላ ተለጣፊውን ለጠፈችና "አባ፣ ይጨብጡ" አለቻቸው።

ጨበጡ። ማለቴ ሞከሩ። የግንባራቸው ሥር ተገተረ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። "እንደገና" አለች፤ ያው ነው። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንጀቴን በሉት።

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። "አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቆዳው ካልጸዳ መሣሪያው በትክክል አይለካም። ክንድዎ ላይ እምነት ተቀብተዋል። ይህን የተባረከ አመድ መጥረግ ፈርቼ ላዩ ላይ ለጠፍኩት።"

ለካ ከጣራ ገዳም ያስመጣሁላቸው እምነት ነው! ጠዋት ጠዋት እቀባቸዋለሁ። እኔም ብው አልኩ። "እና ዝም ብለሽ ነው እጁ አይሠራም ልትይን የነበረው?"

"ተዪያት አንቺ!" አሉ ቄሱ። ወደ ልጅቱም ዞረው፣ "ልጄ፣ መፍራትሽ ደግ ነው። ግን ይህ እጅ የተሰጠኝ ላገለግልበት ነው። እጠቢው። ውኃውን ብቻ እግር ከሚረግጠው ቦታ እንዳትደፊው" አሏት።

በሳሕን ላይ በሳሙና አጠበችው፤ አድርቃ ለጠፈች። ጨበጡ። መስመሯ የሩዝ ፍሬ ያህል ብድግ አለች! እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየን። ቄሱ ግን፣ "ድገሚው" አሉ፣ አላመኑም። ደገመችው። መስመሯም ተነሣች።

እጣቢውን በጀሪካን ይዤ ተመልሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አፈሰስኩት። ከዚያ ወዲህ ስንሄድ ክንዳቸውን ሳልቀባ እወስዳቸዋለሁ፤ ስንመለስ እቀባቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! አሸዋለሁ፣ እዘረጋዋለሁ፣ እሳቸው ጨርቅ ጠቅልለው ይጨብጣሉ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ጉልበታቸው አልቆ እንኳ አያርፉም። "ነገ ይሁን እንጂ፣ ሰውነትዎ ደክሟል" ስላቸው፣ "ሆሳዕና ነገ አይልም" ይሉኛል። ተጣልተን የዋልንበት ቀን አለ። ወረታ በሄድን ቁጥር ግን የመገተሩ ቁጥር ይወርዳል፣ መስመሯ ከፍ ትላለች።

ሆሳዕና ደረሰ። ከማግሥቱ ጀምሮ ሕማማት ስለሆነ እስከ ትንሣኤ መስቀል መሳለም የለም፤ ሕዝቡ ዘንባባውን ግንባሩ ላይ አስሮ ተሰልፏል። አለቃው መስቀሉን ሰጧቸው። ቄሱ በቀኛቸው ያዙት። ጥቂት ሰው እንደ ተሳለመ መስቀሉ አመለጣቸውና የድንጋይ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"እግዚኦ!" አለ ሕዝቡ። ዲያቆኑ ሊያነሣላቸው ጎንበስ ሲል በዓይናቸው ከለከሉት። ተንበረከኩ። "በግራዎ ያንሡት!" ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ጣታቸው ተዘረጋ፣ ነካው፣ ሳተው። እንደገና ተዘረጋ። ከሰልፉ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ሦስተኛ ሲሞክሩ ጨበጡት፤ በቀኛቸው እንደ ያዙ ተነሡ።

ተራው የእኔ ነበር። እንባዬ አላሳይ ብሎኝ ቆምኩ። አለቃው በጎናቸው ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለትንሣኤ እርስዎ ይገባሉ" አሏቸው። ቄሱ መስቀሉን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ተሳለሚ እንጂ አንቺ፣" አሉኝ፣ "ሰው እየጠበቀ ነው።"