የእናቴ ግራ ጎን

በትውልድ ከተማዬ በሸዋ ሮቢት የዓይን ሐኪም ነኝ። ቢያንስ የሰፈሩ ሰው የሚያምነው እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ የምሠራው አንጎል የምናየውን ነገር እንዴት እንደሚረዳ ማጥናት ነው ብዬ ስንቴ አስረዳሁ። በትዕግሥት ያዳምጡኝና ስጨርስ መነጽር አምጪልን ይሉኛል። ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ግማሽ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰው ስክሪን ፊት አስቀምጬ፣ ነጥብ እያበራሁ፣ "አሁንስ ታየህ?" እያልኩ። ከሁሉ በላይ የያዘኝ የአንዳንድ ሕመምተኞች ነገር ነበር። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ግን ቀኝ አንጎላቸው ስለተጎዳ በግራቸው ያለው ዓለም ጭራሽ የለም። ከሳህኑ ቀኝ ቀኙን በልተው ምግቡ አነሰን ይላሉ። በግራቸው ቆሞ የጠራቸውን ሰው ወደ ቀኝ ዞረው ይፈልጉታል። ስለነሱ ብዙ ጽፌያለሁ፣ በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፤ ሲጨበጨብልኝም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ስትሮክ መታት። አብሯት የሚኖረው ወንድሜ በስልክ "አገግማለች፣ አፏም እንደ ድሮው ነው፣ ስትቆጣ ብትሰሚያት!" አለኝ። እኔም አምኜ ጥቂት ሳምንት ቆየሁና የደብረ ሲናን ብርድ አልፌ ወደ ሙቀቱ ወረድኩ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ባጃጅ ስፈልግ ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ እናቴ እርሻ ስትውል አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሳሙኝ፤ እንደ ወትሮው ግን አቅፈው አልያዙኝም።

"እትዬ፣ ምነው?"

"ተይኝ እስቲ ልጄ። እናትሽ ፊቷን አዞረችብኝ። እንዴት አደርሽ ስላት ድምፄን ሰምታ ዞር ትላለች፣ እንደ ባዳ። አጣዬ ላይ ያ ሁሉ ግጭት ከሆነ ወዲህ የስንቱ ልብ ተበላሸ፤ የሷ ይበላሻል ብዬ ግን አላሰብኩም። ቤቷ መሄድ ትቻለሁ። አላህ ያሽራት።"

"በየት በኩል ሆነው ነው ሰላም የሚሏት?"

"በኛ በር በኩል ነዋ። እዚያች ዱካዬ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሁልጊዜው።"

የሳቸው በር እናቴ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ በግራዋ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ስለ አንጎል ማስረዳት ጀመርኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ "ተምረሽ ለእናትሽ ሰበብ ፈለግሽላት። ደግ አደረግሽ፣ ልጅ እንዲህ ነው" አሉና ሄዱ። በራሴ ሙያ እንደዚያ የተናደድኩበት ቀን የለም።

እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ከስታለች። በቀኟ ስለገባሁ አየችኝና ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ቆየሽብኝ ብላ ተሳደበች። ትንሽ ቆይቼ ሽንኩርት በሰፌድ ሙሉ በትኜ ፊቷ አስቀመጥኩና ሁሉንም ወደ ሳህን እንድትለቅምልኝ ጠየቅኋት። በቀኝ በኩል ያለውን አንድ ሳታስቀር ለቀመች። "ጨረስኩ" አለች። ግማሹ ሰፌድ እንዳለ ነው። ይህን ስንት ሰው ላይ አይቼ በእርጋታ መዝግቤያለሁ፤ የእናቴን ሳይ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ፊቴን ታጥቤ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። "አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡ። እኔን አይመኑኝ፣ እሷን ይዩዋት" አልኳቸው። ቅር እያላቸው መጡ፤ በለመዱት በኩል ነው የመጡት። ዱካቸው አጠገብ ቆመው "እንዴት ዋልሽ?" አሉ።

እናቴ ወዲያው ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረች።

"አየሽ?" አሉኝ። ሊመለሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና በእናቴ ወንበር ጀርባ አዙሬ በቀኟ አቆምኳቸው።

"አንቺ!" አለች እናቴ። "የት ገብተሽ ነው? ጠዋት ጠዋት ድምፅሽን እሰማለሁ፣ ዞሬ ስፈልግሽ የለሽም። ጠርታኝ ትሸሸጋለች አልኩ። በሰው ጠብ እኔን ጠላችኝ ብዬ ለልጄ እንኳ ሳልናገር ስብሰለሰል ከረምኩ።"

ጎረቤታችን መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና ሁለት እጇን ያዙ።

"ወላሂ እዚያው ነበርኩ" አሉ። "እዚያው አጠገብሽ ነበርኩ እኮ።"