የገረጋንቲው ጉድጓድና የእማሆይ ውሃ

ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ከመንገዱ ዳር ባለ አንድ ተዳፋት መሬት ላይ ዛሬ ገብስ ይታጨዳል። የመንገዱ ገረጋንቲ ከዚያ መሬት ሥር ተዝቆ እንደወጣ አላፊ አግዳሚው አያውቅም። እኔ ግን በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አጣምሜ አየዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውም ሳይጠይቀኝ ስለ መሬቱ አወራለታለሁ።

ቀያሽ ነኝ። መንገዱ ሊሠራ በታሰበበት በጋ መፈተሻ ጉድጓድ አስቆፍሬ ገረጋንቲውን ያገኘሁትም፣ ገረጋንቲው የሚዛቅበትን ካባ እቅድ እንዳወጣ የታዘዝኩትም እኔው ነበርኩ። መሬቱ የአንዲት መነኩሲት ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው በቤታቸው የሚኖሩ፣ እርሻቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። እርሳቸው መሬቱን ለሁለት በጋ ሊለቁልን፣ እኛም እንደገና የሚታረስ አድርገን ልናስረክባቸው ተስማማን።

እቅዱ የሚያኮራ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ኮርቼበታለሁ። የላዩ አፈር መጀመሪያ ተገፍፎ ለብቻው ይከመራል። መሬቱ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ግማሽ ተቆፍሮ፣ ተደልድሎ፣ አፈሩን መልሶ ከለበሰ በኋላ ሁለተኛው ይጀመራል። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ የሚቀለብስ ቦይም አለው። ይህን ሁሉ እማሆይ ግቢ ወረቀቴን ዘርግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዳሁ። እማሆይ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ቦይህ የቀለበሰውን ውሃ ማን ይቀበለዋል?» አሉኝ።

የቦዩን ጫፍ በጣቴ አሳየኋቸው። ጫፉ የእርሳቸው ድንበር ላይ ነው፤ የእኔ ካርታም እዚያው ያልቃል። ከድንበሩ በታች ግን የጎረቤታቸው የባቄላ ማሳ አለ። የለካሁት በየካቲት ነበር፤ በየካቲት ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ደግሞ ጎረቤት ትዝ አይልም።

«እኔ ቆራቢ ነኝ» አሉ እማሆይ፣ ቀስ ብለው። «የእኔ ውሃ የሰው ማሳ ጠርጎ፣ ሰው እያዘነብኝ እንደምን ብየ እቀርባለሁ? መሬቱንስ ውሰዱት፤ ቁርባኔን ግን አትውሰዱብኝ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የተናደድኩት ትክክል ስለነበሩ ነው። ውሃው እኮ ያን ያህል አይደለም አልኳቸው። እኩል አራሻቸው ከአጥሩ ጥግ ሆኖ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለና ሳቀብኝ።

በእኛ አገር ገበሬው ዘሩን ካለበሰ በኋላ ማሳውን በማረሻ ሰያፍ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ፈሰስ ይባላል፤ የክረምቱን ውሃ ከሰብሉ መሃል አውጥቶ የሚሸኝ መስመር ነው። ፈሰስ እንደፈለጉ አይለቀቅም። ከታች ካለው ባለማሳ ጋር ሳይነጋገሩ የለቀቁት ፈሰስ ሽማግሌ ያስቀምጣል። እኔ ራሴ የእስቴ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በዚሁ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ሲጨቃጨቅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ተምሬ ቀያሽ ስሆን ግን ቦይ ሌላ፣ ፈሰስ ሌላ መሰለኝ።

በማግስቱ እኩል አራሹ በሬዎቹን ጠመደ። ከእኔ ቦይ መነሻ ተነስቶ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ዳገቱን እየታከከ እስከ ድንጋያማው ሸለቆ ድረስ አንድ መስመር አወጣ። ሸለቆው የማንም ማሳ አይደለም፤ የሰፈሩ ውሃ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሚገባው እዚያ ነው። እኔ የከፍታ መለኪያዬን፣ ሌቭሌን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላው ለካሁ። ያወጣው ተዳፋት መጽሐፉ ከሚያዘው እምብዛም አይርቅም። በሬዎቹን አቁሞ «የተማረ ይግደለኝ» ሲለኝ፣ አብሬው ሳቅሁ። እቅዱን እንደገና ሣልኩት። ቦዩ በእጥፍ ረዘመ፣ ሎደሩ ሥራ ፈትቶ ቆመ፣ አለቃዬም አጉረመረመ። ሸለቆው አፍ ላይ ደለል የሚያስቀር ኩሬ ጨመርኩበት፤ እሷ እንኳን የራሴ ናት።

ክረምቱ ሳይገባ የመጀመሪያው ግማሽ አፈሩን ለበሰ። እኩል አራሹ እኔን ሳያማክር ግብጦ ዘራበት። እቅዱ የሚለው ሣር ነበርና ተቆጣሁ። የሣሩ ዘር ከቢሮ እስኪመጣ አፈር ራቁቱን አይከርምም አለኝ። ግብጦው በቀለ፤ የሣሩ ዘር ግን እስካሁን አልመጣም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ መንገዱን ቆረጠው። በማግስቱ ጠዋት በእግሬ ተነሳሁ። እውነትም ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስለ ውሃ የጸለይኩበት ጊዜ የለም። ወደ ካባው ሳልሄድ በቀጥታ ወደ እማሆይ ጎረቤት ማሳ ወረድኩ። ሰውዬው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ለጋ ባቄላው መሃል ቆሟል።

ስለ ውሃው እንዴት ብዬ እንደምጠይቀው ሳስብ ቀደመኝ።

«ትናንት እስኪያባራ ድረስ እዚህ ቆሜ ጠበቅሁት» አለኝ። «አልመጣም።» ዶማውን ከትከሻው አወረደና ወደ እማሆይ ቤት አየ። «ንገራቸው። በፍልሰታ ይቁረቡ።»

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። በጭቃው ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ግድም አልሰጠኝ።