እኛ ቤት ያልበላው ሰው

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ መኪና ይዤ መቆም ከጀመርኩ ዘመን አለኝ። የሚወርደው ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ኧረ ሙቀቱ!» ይላል፤ ሻንጣውን ሳልጭንለት ደግሞ «ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?» ይላል። ለሙቀቱ መልስ የለኝም። ለምግቡ አለኝ፤ ሰው ወደደውም ጠላውም እናገራለሁ።

ጋምቤላ መጥተህ ክትፎ አትዘዝ። የክትፎ አገሩ ሌላ ነው። እዚህ ዓሣ ብላ። ባሮ ዳር ያሉት ዳሶች የጠዋቱን ዓሣ ቀትር ላይ ይጨርሱታል። አስር ሰዓት ላይ ሄደህ «ትኩስ ነው?» ብትል፣ አዎ የሚልህ ሰው እየዋሸህ ነው። የተጠበሰውን በእጅህ ብላ፤ እሾሁን ጣት እንጂ ሹካ አያውቀውም። አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ደገኞች ብዙ ናቸው። አንተም ከነሱ ከሆንክ ከማዘዝህ በፊት ተናገር፤ ከበላህ በኋላ አታማትብ። አኙዋ ቤት ከተጋበዝክ የበቆሎ ገንፎ በዓሣ ወጥ ይሰጡሃል። ባሚያ ስላለበት ይዝለገለጋል። አትደንግጥ፣ ዋጥ።

ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ሳወራ ኖሬ ባለፈው ጥር ገበታው የራሴ ሲሆን የምለው ጠፋኝ።

ሴት ልጄ ላሬ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ላሬ ከጋምቤላ ከተማ በምዕራብ፣ ኢታንግን አልፈህ የምታገኘው የኑዌሮች አገር ነው። እዚያ አብሯት የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የኑዌር ልጅ፣ ወደደች። ሊጋቡ ፈለጉ። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አቦቦ አካባቢ ሳርም ያደግሁ ሰው ነኝ። ሹፌር ጓደኞቼ ወሬው ሲደርሳቸው «ለጥሎሽ የሚሰጡህን ላሞች የት ልታስራቸው ነው? መኪናው ላይ?» አሉኝ። ቻልኩት። ሚስቴም የሃይማኖቱን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ፣ አልቅሳ፣ ወጥቶላት ነበር። እስቲ እሁድ ቤት ይምጣና እንየው ተባባልን።

መጣ። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። አማርኛው ከኔ የተሻለ ነው። ሚስቴ ዶሮ ሠርታለች፤ እኔ ደግሞ ምናልባት ዶሮ አይወድ እንደሆነ ብዬ ከባሮ ዓሣ ይዤ መጥቻለሁ። ልጄ የእጅ ውሃ ይዛ ስትነሳ ልጁ እጁን ሰበሰበ።

«ይቅርታ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ከየት ነው የጠገብከው? ከመንገዱ አቧራ?» አልኩት።

«ጠግቤያለሁ፣ አባባ።»

«ቅመስ እንጂ። ካልጣፈጠህ ትተዋለህ።»

መሬት መሬት ያያል። ልጄ «ተዉት፣ አታስጨንቁት» ትላለች። ሚስቴ ግን አንዴ ጀምራለች፤ «በሞቴ!» አለችው። እኛ ዘንድ «በሞቴ» ከተባለ የጠገበ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ይጎርሳል። ሰው ሞቱን አንስቶ እየለመነህ እምቢ አትልም። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ተነስታ ፊቱ ቆመች። «አፈር ስሆን፣ ልጄ!» ብላ ወደ አፉ ስታስጠጋው እሳት እንደነካው ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ። ይቅርታ ብሎ ይሁን ሳይል እንጃ፣ ወጣ። ሚስቴ ጉርሻውን እንደያዘች ቀረች። መረቁ በክንዷ ላይ ይወርዳል።

«ይህን ሰው» አልኩ፣ «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላየው።»

ልጄ ወንበሩን አንስታ አቆመች። «አባዬ፣ ንቀት አይደለም። ኑዌር ሚስቱ ልትሆን ያሰባት ልጅ እናት ፊት አይበላም። አባቷም ፊት። ከዚያ የባሰ ነውር የለም። ያፍራል ብዬህ ነበር።»

«ያፍራል ነው ያልሽኝ። አይበላም አላልሽኝም።»

«አሁን አልኩህ።»

«ቤቴ ገብቶ እንጀራዬን የማይነካ ሰው ወይ ይጠላኛል፣ ወይ መርዝ ፈርቷል። ሌላ ትርጉም አላውቅም።»

«ስንቱን እንግዳ እዚህ ብላ፣ እዚያ ጠጣ ትላለህ። አንድ ቀን ኑዌር ቤት ገብተህ በልተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ከላሬ ወዲያ ማታር ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሼ የምበላው ከደገኛ ምግብ ቤት ነው። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሻይ፣ መንገድ። 

«ሄደህ እይ» አለችኝ። «ከዚያ ሽማግሌ ይላክ ወይም አይላክ በለኝ። አይላክ ካልክ ግን እኔ ላሬ እቀራለሁ። እዚህ ቤት አልመለስም።»

ይህች ልጅ እኔን ፊደል ያስቆጠረች ናት። እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔ ጢሜ የወጣ፣ መኪና የምነዳ፣ የምደርስበትን ከተማ ስም በሰው አፍ የማስነብብ መሃይም ነበርኩ። ማታ ማታ ደብተሯን ዘርግታ «አይደለም አባዬ፣ ድገመው» ስትለኝ እደግመው ነበር። አደርጋለሁ ካለች ታደርጋለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ እህል አልረጋልኝ አለ። ቀርቦልኝ እነሳለሁ። ባሮ ዳር እሄዳለሁ፣ ዓሣ አዛለሁ፣ ሳይመጣ ሞተር አስነስቼ እሄዳለሁ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ በሩ ላይ አትቁም» ትለኛለች። እሷም አልበላችም።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ማታር ድረስ በኮንትራት ያዘኝ። መነጽር አድርጓል፣ ያየውን ሁሉ በስልኩ ያነሳል። ኢታንግ ስንደርስ እንደ ልማዴ ከአንድ ደገኛ ምግብ ቤት አቆምኩ። ፓስታ ቀረበለት። ሹካውን አንስቶ ዓየውና አስቀመጠው።

«ጋሽዬ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ፓስታ ልበላ ነው የመጣሁት?»

«ፓስታ ሆድ አያሳምምም።»

«እኔ የአገሩን ምግብ ነው የምፈልገው። ሰው ቤት የሚበላውን።»

የላብራቶሪው ልጅ አጎት ቤት ላሬን አልፎ መንገድ ዳር መሆኑን ልጄ ነግራኛለች። አባቱ ሞቶ ያሳደገው አጎቱ ነው። እንግዳው አፉን ባይከፍት ኖሮ አልፌ እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። ወይም አቁሜ እመለስ ነበር። «ና እንግዲህ» አልኩት። ለምን እንደምወስደው አልነገርኩትም። ማንነቴን ደብቄ፣ እንደ ማንም ሹፌር ገብቼ፣ ዓይቼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

ግቢው ሰፊ ነው። ትልቅ ክብ የከብት ቤት አለ፣ ጣሪያው መሬት ሊነካ የደረሰ። ከብቱ ለበጋው ወደ ወንዝ ወርዶ ለወተት ጥቂት ላሞች ብቻ ቀርተዋል። አጎትየው ረጅም፣ ሽበታም ሽማግሌ ነው። ከዛፍ ሥር ወንዶች መሀል ተቀምጧል። እንግዳዬ ሰው ቤት የሚበላውን መብላት እንደሚፈልግ ነገርኩት። ሳቀ። «ምግብ አለ። ተቀመጡ» አለ። ሴቶቹ ራቅ ብለው ምድጃ ዙሪያ ናቸው።

ኮፕ አመጡልን። ኮፕ የበቆሎ ዱቄት ነው፤ በእጅ እየታሸ ፍሬ ፍሬ ይሆንና በእንፋሎት ይበስላል፣ ወተት ይፈስበታል። እንግዳው ፎቶውን ሲያነሳ አንድ ወጣት፣ ከመሀላችን ተቀምጦ ሲጫወት የነበረ፣ ሳህኖቹ ሲመጡ ተነሳ። ከከብት ቤቱ ጀርባ ዞሮ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄደ። ከሴቶቹ አንዷ በቅል ምግብ ይዛ ተከተለችው።

«ተጣልታችሁ ነው?» አልኩ ሽማግሌውን።

«ተጣላ? አማች ነው! ልጄን አገባ።»

«ታዲያ ከእኛ ጋር አይበላም?»

ሽማግሌው በአገጩ ወደ ምድጃው አሳየኝ። «እናትዋ ያቻት። እሷ እያየች አፉን ይከፍታል? እብድ ነው?»

«እስከ መቼ?»

«ልጅ ይወለዳል። ጊዜ ይሄዳል። አንድ ቀን በሥርዓት እናበላዋለን። ከዚያ እዚህ ይበላል።» ኮፑን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ዓየኝ። «አንተ ግን ለምን ትጠይቃለህ? የነርሷ አባት አይደለህም?»

የያዝኩት ማንኪያ ቆመ።

«መኪናህን ላሬ ሁሉ ያውቃል» አለ። «ሚስትህ የወንድሜን ልጅ በእጇ ልታበላው ነበር አሉ። እንደ ጥጃ!»

ለሌሎቹ በኑዌርኛ ደገመላቸው። ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ምንም የማያውቀው የኔ እንግዳም አብሮ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«እኛ የምናጎርሰው የምንወደውን ሰው ነው» አልኩ። «ጥጃ አይደለም። ሚስቴ እንደ ልጇ ልትቀበለው ነው የተነሳችው። ጥሏት ወጣ።»

ሽማግሌው ሳቁን ቆረጠ። «አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

ወደ ምድጃው ጮክ ብሎ ተናገረ። ሚስቱ ከዚያው ሆና ረጅም ነገር መለሰች። ጨርሳ እስክትናገር ጠበቀና ዞረልኝ። «ልጁም ከናንተ መጥቶ እዚህ ተኛ። ምግብ እምቢ አለ። ‹የሚስቴን እናት አሳፈርኩ› አለ። እሷ ለምናው ነው የበላው።»

እኔም አልበላሁም አላልኩትም። ተነስቼ ወደ መኪናው ልሄድ አሰብኩ፤ እግሬ ተነስቶ ነበር። ሽማግሌው እጄን ያዘኝ።

«ብላ» አለ። «ሽማግሌ አልተቀበልክም፤ ገና ዘመድ አይደለህም። ዛሬ ብላ። ዘመድ ከሆንን ግን ሚስቴ እዚያ ቆማ ስታይህ እንዲህ አፍህን ስትከፍት አናይም!»

እንደገና ሳቁ። በላሁ። ወተቱ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ፍሬው አፍ ውስጥ ይበተናል። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሳልነሳ የጨረስኩት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው። የት ይበላል ለሚለኝ ሰው ሁሉ ላሬ ሄደህ ኮፕ ብላ እላለሁ፤ ግን የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም። እንግዳው ማታር እስክንደርስ «ጋሽዬ፣ ልጅህ ልታገባ ነው እንዴ? እንኳን ደስ አለህ!» ሲለኝ ነበር። «መስኮቱን ዝጋ፣ አቧራ ይገባል» አልኩት።

ስመለስ ላሬ ላይ ልጄን አገኘኋት። «እሁድ ይዘሽው ነይ» አልኳት። ፊቷ ልክ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር።

የከበደው ሚስቴን ማሳመን ነው። ምግቡን በአጥር ቀዳዳ ወደ ጎረቤት እንላከው ስላት ወገቧን ያዘች።

«እንግዳዬን ውጭ ላበላ? ሰው ምን ይላል? ‹ልጁን ከቤት አስወጥታ እንደ ለማኝ አበላችው› ይሉኛል!»

«ካንቺ ፊት አይበላም።»

«እኔ ምን ሆኜ? ቡዳ ነኝ?»

«እናቷ ነሽ። ለዚህ ነው።»

እሁድ መጡ። ልጁ ገብቶ ተቀመጠ። ላብ ላብ ብሎታል፤ ሚስቴን ቀና ብሎ አላያትም። ጤና፣ መንገድ፣ ሙቀት ተወራ። የምግብ ሰዓት ሲደርስ «ጎረቤታችን ትፈልግሃለች» አልኩት። ዓየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። ሚስቴ ሳህኑን እስኪፈስ ሞልታ ለጎረቤታችን በአጥር አቀበለቻት። ጎረቤታችን ከወዲያ «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?» ብላ ጮኸች። «ለአንድ ሰው ነው! ቁመቱን አላየሽም?» አለቻት ሚስቴ።

እኛ ሦስታችን ገበታው ዙሪያ ቁጭ አልን። ልጄ እንጀራ ትቆርሳለች፣ አትጎርስም። እኔን ታያለች። መልሱን ትጠብቃለች። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ይብላ አይብላ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም፤ ሰው የተሞላለትን ሳህን ለውሻም ይሰጣል። ተነስቼ ወጣሁ።

አጥሩ ጋ ተጠጋሁ። በቀዳዳው ይታየኛል። በርጩማ ላይ ጀርባውን ወደ እኛ ቤት ሰጥቶ፣ ጉልበቶቹ ደረቱ ድረስ ደርሰው፣ ይበላል። የሚበላው እንደተራበ ሰው ነው። የዶሮውን አጥንት ይግጣል። ጎረቤታችን ወጥ ትጨምርለታለች፤ እምቢ አይልም። ደረቅ ቅጠል ረገጥኩ መሰለኝ፣ ድንገት ቆመ። አልዞረም። የጎረሰው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ከሳህኑ አነሳ። እኔ መሆኔን አውቋል። እዚያ ብቆም እስኪመሽ አይውጠውም።

እንዲበላ መሄድ ነበረብኝ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ማየት እፈልግ ነበር፣ አላየሁም። ተመለስኩ።

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ?»

«ሽማግሌ ይላክ» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች።

«ግን» አልኳት፣ «የሚበሉ ሽማግሌዎች ይሁኑ። እናትሽ ሁለተኛ አትችለውም።»