የማስመሪያ መጋረጃ

ሰፈሩ «ማስመሪያ» ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚጠሩት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሱንም ሲቆጡ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የሸመኑት ጨርቅ ጫፉ ውልፍት ስለማይል ነው። አርባ ዓመት እግራቸውን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከተው ድርና ማግ ሲያጣሉ ሲያስታርቁ ኖሩ። ጉልበታቸውን ጉድጓዱ በላው። የቀራቸው ያ ቅጽል ስም ነው።

የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲውጠው ሁለት ዓመት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የሽመና እንጨታቸውን ሊፈቱት ሲሉ የወንድማቸው ልጅ መጣች። የቤት ጨርቅ ንድፍ የተማረች ልጅ ናት፤ ክሯን በሽንኩርት ልጣጭ ታቀልማለች፣ ቁራጭ እንኳ አትጥልም።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅዎ ጠፍቶ አይቀርም» አለቻቸው። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ሳጥን ውስጥ የከረሙ ስድስት መጋረጃዎች ነበሯቸው። ልጅቷ ለገዢዎች ልታሳይ ወሰደቻቸው። ስድስቱም ተመለሱ።

«ምን ጎደላቸው?»

«ምንም አልጎደላቸውም ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ነው» አለች እያፈረች። «የፋብሪካ ነው አሉኝ። የእጅ ሥራ መሆኑ እንዲታወቅ እዚህም እዚያም ሳሳ፣ ወፈር ቢል...»

«እያበላሸህ ሥራ ነው የምትዪኝ?»

ጉድ እኮ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስህተት ሲነቅል ኖሮ፣ በስተርጅና ዝራው ይባላል? «አውቄ አላጣምም። እንደ ልማዴ አንድ እሠራለሁ፤ እሱንም ከመለሱት እንጨቱ ለማገዶ ይሁን» ብለው ማስመሪያ ማሉ።

አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። የተበጠሰ ክር በጣታቸው እየዳበሱ ቋጠሩ፤ ወገባቸው እምቢ ሲል ግድግዳ ተደገፉ። ባለቤታቸው ማጉን በቀሰም እየጠቀለሉ ያቀብላሉ፣ አንዳንዴ ጨርቁን አየት ያደርጋሉ፣ ዝም ይላሉ። ሲያልቅ ማስመሪያ በኩራት አጣጥፈው ሰጡ። በእሳቸው ዓይን እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነበር።

በሳምንቱ ልጅቷ መጋረጃውን ይዛ ተመለሰችና መስኮታቸው ላይ ሰቀለችው።

«ጋሼ፣ ገዢዎቹ ወደዱት። ልክ እንዲህ ነው የፈለጉት። ይሄን ለናሙና ይያዙና እንደዚሁ ሃያ ይሥሩልኝ። እምቢ ብለው ብለው ገባዎት አይደል?»

ማስመሪያ ወለሉን አዩ። ብርሃኑ አንዱ ጋ በሰፊው ፈስሷል፣ ሌላው ጋ ጨልሟል። ተነስተው መጋረጃውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አንድ ቦታ ሳስቷል፣ አንድ ቦታ ተደራርቧል፤ ጫፉማ እባብ የሄደበት ይመስላል። አንዱንም አውቀው አላደረጉትም፤ ዓይናቸው ከድቷቸው ነው።

«ገባኝ» አሉ። ሆድ ይፍጀው።

ልጅቷ እየሳቀች ወጣች። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ።

«አይተሽ ነበር?» አሉ ማስመሪያ።

«በሁለተኛው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አሉ ባለቤታቸው።

ማስመሪያ መጋረጃውን ለቀቁት። ደክሟቸው ነበር፤ ሰውነታቸው ብቻ አይደለም የደከመው። «ስድስቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፊልኝ። የኔ እጅ እነሱ ናቸው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማስመሪያ አትበዪኝ።»

ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡና ቀሰም ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ። ቀሰሙ ያለው በግራ ነው፤ የዘረጉት በቀኝ። ባለቤታቸው አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸውና እናታቸው ባወጡላቸው ስም ጠሯቸው። አልተቆጡም ነበር።