የኮቱ ስድስት ቁልፎች

ባሌ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ውሸቱም እንደ ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጅጅጋ ሱቅ ከፍተን እሱ ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ቁልፎቹ ላይ መሣል የጀመርኩት ግን በራሴ ነው። የነጩን ቁልፍ ፊት በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደርግና፣ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ባሰርኩት የፍየል ፀጉር፣ በጥፍር ቀለም እሥላለሁ፤ ኤሊ፣ ግራር፣ የበለስ ፍሬ። አንዷ ብቻ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ዓይኔ የደከመው በዚያ ነው።

ቁልፎቼ ተወደዱ። ባሌ ግን ለጠየቀው ሁሉ "የዱባይ ነው፤ በቶጎጫሌ የገባ" ይላል። እኛ ከተማ ዕቃ የሚከበረው ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ ነዋ! "ሚስቴ ሣለችው ብል ማን ዞር ብሎ ያየዋል?" ይለኛል፣ ያውም ፊት ለፊቴ። እኔ ሞኟ ለትዳሬ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ የኔ ሥራ መሆኑን አውቆ ቢወድልኝ በቂዬ ነበር። ስንት ዓመት ጠበቅኩ!

አንዴ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ኮት ስታሰፋ ከሱቃችን በር የሚታየውን ካራማራን ሣልኩላት። ተራራው ያው አንድ ነው፤ በስድስቱ ቁልፎች ላይ ግን ብርሃኑ ከንጋት እስከ ምሽት ይለወጣል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ሴትዮዋ ኮቷን ይዛ መጣች። አንዱ ቁልፍ ወድቆባታል። ባሌ ጨርቅ ሊያመጣ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር።

"አባዮ" አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ "ለባልሽ ንገሪልኝ፣ ያንኑ ከቶጎጫሌ ያስመጣልኝ። እንዲህ የሚያምር ቁልፍ የትም አላየሁም።"

ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው?

"የምን ቶጎጫሌ! እኔ ነኝ የሣልኩት። አሁኑኑ ሌላ እሠራልሻለሁ" አልኳትና ብሩሼን አሳየኋት።

ሳቀች። ከዚያ ኮቱን ወደ በሩ ወስዳ ቁልፎቹን በብርሃን አንድ በአንድ አየች። ቀና ብላ ተራራውን አየች፤ እንደገና ቁልፎቹን። ሳቋ ጠፋ።

"ይሄ የኛው ካራማራ ነው እንዴ?"

"አዎ!" አልኩ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ እየታየ።

"እኔኮ የውጭ አገር ተራራ መስሎኝ፣ ቢሮ ውስጥ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ!"

መቀስ ጠየቀችኝ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባኝ ሰጠኋት። አምስቱንም ቀጭ ቀጭ አድርጋ ቆረጠችና ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

"መሳቂያ አደረጋችሁኝ! በይ ደህና ጥቁር ቁልፍ ትከዪልኝ፤ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

ስድብ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ስድስት የፋብሪካ ቁልፍ አውጥቼ ተከልኩላት። የመጨረሻውን ክር ስበጥስ ንዴቷ በርዶላት ነበር። ኮቱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች።

"አሁን ገና ኮት መሰለ" አለችኝ። "እጅሽ ይባረክ።"